ዘጠኝ ወንበር ወጥቶ አልጋ የገባበት ሚኒባስ፦ ከወሎ መንገድ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከዳር ቆሜ እንዳየ ሰው አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ እተዳደራለሁ። ወደ ማደሪያ ቤት የተለወጠውን የዚህን ሚኒባስ የመብራት መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ከተፈጸሙት ስህተቶች ቢያንስ ሁለቱ የእኔ ናቸው። ባለመኪናው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው እንዳይነሳ ግን አደራ ብለዋል።

ከዚህ ሥራ በኋላ ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ወደ እኔ መጥተው «እንደዚያ መኪና አድርገህ ሥራልኝ» ብለውኛል። ሦስቱም በስልካቸው የያዙት ቪዲዮ ተመሳሳይ ነው፦ ሁለት ፈረንጆች፣ ባዶ የባሕር ዳርቻ፣ ነጭ ቁም ሣጥን፣ ከበስተጀርባ ጊታር። የመኪናው ባለቤቶች የሆኑት ባልና ሚስትም የጀመሩት ከዚያው ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮው ውሸት አይደለም። የተሠራው ግን ለሌላ መንገድና ለሌላ ጎረቤት ነው። ልዩነቱ ምን እንዳስከፈለን በዝርዝር ቢጻፍ ለቀጣዩ ሰው ገንዘብ ያድናል።

ባለጉዳዮቹና መኪናው

ባለመኪናው ሃምሳን የተሻገሩ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ መካኒክ ናቸው። ቆቦ ሜዳ ላይ የጉድጓድ ፓምፕ ሲቆም፣ መርሳ ላይ የሽንኩርት ማሳ ውኃ ሲያጣ፣ ደላንታ ላይ የወፍጮ ሞተር ሲነክስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላሉ፤ ከቆላ የሚመጣው ሰው የተበላሸ ዕቃውን በግመል ጭኖ እዚያ ያገኛቸዋል። ለዓመታት ይህን ሁሉ ያደረጉት በሕዝብ መኪና ነው። የመፍቻ ሳጥናቸው ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል፤ ኩሽኔታው በማዳበሪያ ታስሮ ከእግራቸው ሥር ይቀመጣል። በሳምንት አራት ሌሊት ከቤታቸው ውጭ በኪራይ አልጋ ያድሩ ነበር።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። «ሳምንቱን ሙሉ ማንን እየጠበቅሁ ነው ቤት የምጠብቀው?» ያሉት እሳቸው ናቸው፤ የሐሳቡም ባለቤት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም።

መኪናው አሮጌ የናፍጣ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መስኮቱ ረግፎ፣ የወንበሩ ቆዳ ተቀድዶ ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ጎማው ተኝቶ ቆይቷል። ሞተሩ ግን ደኅና ነበር። በ2015 ገዙት። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል የአሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ «አሁን ሽጠህ ትርፉን ብላ» ያላቸው ሰው ብዙ ነው። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት መጋዝ ይዘው ወንበር ነቅለው ነበር።

የመንገዱ ጠባይ

ንድፉን ያፈረሰብን መንገዱ ስለሆነ አስቀድሜ ልግለጸው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጠመዝማዛ ነው፤ ከባድ መኪናም አይጠፋበትም። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ መርሳ፣ ወልዲያና ቆቦ የሚሄደው ደግሞ ወጥቶ ወርዶ መጨረሻ ላይ ሙቅ ሜዳ ውስጥ ይጥላል። ወደ ደላንታ የሚታጠፍ ሰው ውርጭ ያገኘዋል። ስለዚህ ይህ ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ በነጠላ የሚታደርበትንም ጋቢ የሚያስደርበውንም አየር ይቀበላል። በዚያ ላይ የሚያቆማቸው ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ፍላጎታቸው አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ

የተጀመረው በጥቅምት 2016 ነው፤ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ብየዳ የሚሠራ ወጣት በቱቦላሬ አጽም ሠራ። አናጢው በቺፕውድ ቁም ሣጥን፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛና የአልጋ ሳጥን ገጠመ። ጣሪያው ላይ ባለ 200 ሊትር ሮቶ ተሰቀለ። እኔ 150 ዋት የፀሐይ ፓነልና ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ አስገባሁ። ግድግዳው በላሜራውና በሽፋኑ መካከል በፍራሽ ስፖንጅ ተሞላ፤ ባለቤታቸው መጋረጃውን ሰፉ። ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ እየገባ ጎበኘው። ፎቶ ላይ እጅግ ያምራል።

አልጋውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። አናጢው በመኪናው ስፋት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ገጠመው፤ ቦታ ይቆጥባል ብሎ። የመኪናው የውስጥ ስፋት ከአንድ ሜትር ከግማሽ ብዙም አያልፍም። ባለመኪናው አንድ ሜትር ከ78 ናቸው። ዐሥራ አንድ ሌሊት ጉልበታቸውን አጥፈው ተኙ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አልጋው በቁመት ዞረ። ከመቁረጣችን በፊት ወለሉ ላይ ጋደም ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ክብደት

የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት የመጣው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነው። ከደላንታ መልስ ነበር፤ ሮቶው ደሴ ላይ ተሞልቷል። ቁልቁለቱ መካከል ላይ የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ። ፔዳሉ ወደ ታች እየራቀ ሄደ። እንደ ምንም ማርሽ ቀንሰው፣ ወደ ዳገቱ በኩል ጎማ አስደግፈው አቆሙ። የኋላ የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር ወርዶ ጎማውን በእጁ ጀርባ ሳይነካ አጠገቡ ብቻ አደረገና «ጋሼ፣ በወጡበት ማርሽ ነው የሚወረደው። ደግሞስ ይህ ምንድን ነው የተሸከሙት? ታንከር ነው?» አላቸው። የፍሬን ዘይቱ ሞቆ ነበር። አንድ ሰዓት ጠብቀው ወረዱ።

በማግስቱ እያንዳንዱን ነገር በሚዛን ላይ አወጣን። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብን ይህ ነው። ሒሳቡ አስቸጋሪ አልነበረም። ሚኒባሱ ሹፌሩን ጨምሮ 12 ሰው እንዲጭን የተሠራ ነው። አንዱን ሰው 70 ኪሎ ብንለው 840 ኪሎ ይሆናል። የተነቀሉትን ወንበሮች 100 ኪሎ ብንቆጥርላቸው የክብደት ጣሪያችን 940 ኪሎ ነው። እኛ ያስገባነው ግን ይህ ነበር፦ የቱቦላሬው አጽም 130፣ ቺፕውዱ 160፣ አልጋና ፍራሽ 60፣ ሮቶው ከነውኃውና ከነማቀፊያው 240፣ ሁለቱ ባትሪዎች 60፣ ቡታጋዙ ከነሲሊንደሩ 27፣ መፍቻና መለዋወጫ 180፣ ፓነሉ ከነብረቱ 20። ባልና ሚስቱ ሲጨመሩበት 1,017 ኪሎ። በዚህ ላይ 240ው ኪሎ አናት ላይ ነው፤ ሮቶው ግማሽ ሲሆን ደግሞ ውኃው በየጠመዝማዛው ወዲያና ወዲህ ይናጣል። ቁም ሣጥኑ በሙሉ በግራ በኩል ስለተገጠመ የግራው ባሌስትራ ቀድሞ ተኝቷል።

ሁለተኛው ሥራ ግማሹን ማፍረስ ሆነ። ቱቦላሬው ወጥቶ ሞራሌ ገባ። ቺፕውዱ በቀጭን ኮምፔንሳቶ ተተካ። ቺፕውድ ከክብደቱ በላይ ሌላ ጠንቅ አለበት፦ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ እየሰፋ፣ እየተፈረፈረ ይሄዳል፤ ወልዲያ ሳይደርሱ ሁለት በር ተገንጥሎባቸዋል። ሮቶው ወረደ፤ በምትኩ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከኋላ ጎማው አጠገብ ወለል ላይ በቀበቶ ታሰሩ። 60 ሊትር ለሁለት ሰው ለሁለት ቀን ይበቃል፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ውኃ ሳይገኝ ሁለት ቀን የሚታለፍበት ቦታ የለም። አሁን ጠቅላላ ጭነቱ ሁለቱን ሰዎች ጨምሮ 620 ኪሎ አካባቢ ነው። መፍቻውን አልቀነስንም። የሚያበላቸው እሱ ነው።

መብራት፦ የእኔ ጥፋት

ባለቤታቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ የእንጀራ ምጣድ ነበር። ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ሁለቱ ባትሪዎች ሙሉ ሲሆኑ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ የሚሠራልን 1,200 ነው። ይህ ምጣዱን 20 ደቂቃ ብቻ ያቆየዋል፤ በ12 ቮልት ደግሞ ወደ 290 አምፔር ይስባል፤ ይህን የሚችል ሽቦ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። አይተው ሳቁና «እንግዲያው እንጀራ ከሰው ነው የምንገዛው፤ የወሎ ሴት እንጀራ መግዛት አታፍርም እንዳትል ብቻ» አሉኝ። ምጣዱ በዚህ ቀረ።

እኔ የተሳሳትኩት ትንሹ ነገር ላይ ነው። ሃያ ዓመት የ220 ቮልት ቤት ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ የለመደውን 1.5 ሽቦ ይዤ ገባሁ። ትንሿ የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ ተሰክታ አልነሳ አለች። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ጠቅ ትላለች፣ ትቆማለች፤ ጠቅ ትላለች፣ ትቆማለች። ማቀዝቀዣዋን መለስናት፤ ሌላ ሰጡን፤ እሷም እንደዚያው። ከሳምንት በኋላ ነው ሜትሬን አውጥቼ ጫፉ ላይ የለካሁት። ሽቦው ከባትሪ እስከ ማቀዝቀዣው አምስት ሜትር፣ ደርሶ መልስ ዐሥር ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ዐሥር አምፔር ሲያልፍበት ከአንድ ቮልት በላይ ይበላል። ከ220 ላይ አንድ ቮልት ቢጎድል ማንም አያውቀውም። ከ12 ላይ ሲጎድል ግን ከዐሥር አንዱ እጅ ሄደ ማለት ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሲቀየር የሚጠፋው ወደ ሩብ ቮልት ወረደ። ሌሎች የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኞችም ይህን መኪና ውስጥ ሲገቡ እንዲያስታውሱት እፈልጋለሁ፤ እኔ ተማሪዎችን ሳስተምር የኖርኩትን ራሴ ረሳሁት።

ሁለተኛው ጥፋቴ የመኪናውን ባትሪና የቤቱን ባትሪ በቀጥታ ማገናኘቴ ነው። ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል ብዬ ነበር፤ ይሞላልም። ሞተር ሲጠፋ ግን መብራቱና ማራገቢያው ከሁለቱም ይጠጣሉ። መርሳ ላይ ነግቶ ቁልፉ ሲዞር ድምፅ የለም። ገበያ የሚሄድ ሕዝብ ገፍቶ አስነሳቸው፤ አንድ አዛውንት እየገፉ «ቤታችሁን ነው የምንገፋው ወይስ መኪናችሁን?» አሉ ይባላል። አሁን በመካከል ሞተር ሲነሳ ብቻ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝ ሪሌ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አለ፤ ከእያንዳንዱ ባትሪ አጠገብም ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ፊውዝ ገብቷል።

ፓነሉ ግን ከጠበቅነው በላይ ሠራ። ቪዲዮዎቹ ላይ ፓነሉን ወደ ፀሐይ የሚያዘነብል ማቀፊያ ይታያል፤ ባለመኪናው እሱ ካልተሠራ ብለው ነበር። እዚህ አያስፈልግም። ወሎ 11 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ ልክ በአናታችን ታልፋለች፤ በሌላውም ጊዜ ብዙ አትርቅም። ጣሪያ ላይ ተኝቶ የተገጠመ ፓነል ይበቃል፤ ይልቅ የቆቦን አቧራ በየጠዋቱ መጥረግ ነው። ማቀዝቀዣዋ ውላ አድራ ተሸጠች፤ ወተት ጠዋት ተገዝቶ ጠዋት ይጠጣል። ሦስት አምፖል፣ ሁለት ስልክ፣ ሌሊቱን የምትዞር ባለ 15 ዋት ማራገቢያ፤ የቀኑ ፍጆታ 220 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ባትሪ ወጣ። ክረምት ላይ ደሴ ጉም ሲወርድ ዲናሞው ይደግፋል።

ስፖንጁ

ሐምሌ ላይ ባለቤታቸው ደውለው «ወንድሜ፣ መኪናው የእርጥብ በግ ሽታ አመጣ» አሉኝ። የብየዳው ልጅና እኔ አብረን ሄድን። የግድግዳውን ሽፋን ከአንድ ጥግ ገለጥነው። ሴትዮዋ እጃቸውን ሰድደው ስፖንጁን ሲጨምቁት ውኃው በክንዳቸው ተንቆርቁሮ እስከ ክርናቸው ወረደ። ከጀርባው ያለው ላሜራ የሽምብራ ፍሬ በሚያህሉ የዝገት ቁስሎች ተሸፍኗል። ዝናብ አልገባም ነበር። የሁለት ሰው ትንፋሽና የሻይ እንፋሎት ነው፤ ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ እዚያ ላይ ላብ ሆኖ ያርፋል፤ ስፖንጁ ደግሞ ጠጥቶ ይይዘዋል።

ስፖንጁ በሙሉ ወጣ። ዝገቱ ተፈግፍጎ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። በምትኩ ውኃ የማይጠጣው ነጭ ፎም ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተደርጎ ከላሜራው ጋር ተጣበቀ፤ መጋጠሚያው በሲሊኮን ተደፈነ። ከሁሉ የረዳው ግን ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፦ በብርድም ቢሆን ሁለት መስኮት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ጣት በሚያስገባ ያህል ተከፍቶ ይታደራል። በዚህ ላይ ባልና ሚስቱ ብዙ ተጣልተዋል። ውርጭ ሲመጣ መስኮት መክፈት ለወሎ ሰው ተፈጥሮው አይደለም።

የከሰሉ ሌሊት

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ ደላንታ ነበሩ። ማታ ቡና ተፈልቷል። ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም ጭስ የለውም፣ ቀይ ብቻ ነው። ብርዱ ስለጸና «ትንሽ ያሙቀን» ብለው ወደ ውስጥ አስገቡትና በሩን ዘጉ። ያኔ መስኮት የመክፈቱ ልማድ ገና አልመጣም ነበር። ሌሊት ባለቤታቸው ራሳቸውን ሲፈልጣቸው ነቁ። ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ባላቸውን ቢጠሩ መልስ የለም። በእንብርክካቸው ሄደው በሩን በእግራቸው ገፉት። ባለመኪናው ንፋስ አግኝቷቸው ከቆየ በኋላ ነው ያስመለሳቸውና የነቁት።

ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ጭስ ከሌለ አደጋ የለም ብሎ ያምናል፤ ገዳዩ ያ እምነት ነው። ሳሎን ውስጥ ያለቀ ፍም ብዙ ጊዜ የማይጎዳን ቤታችን ሰፊና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ነው። የሚኒባስ ውስጥ አየር የአንዲት ጠባብ ጓዳ ያህል እንኳ አይሆንም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስት ነገር ተለወጠ። ከሰል ከበሩ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ያለቀም ቢሆን። ትልቁ ሲሊንደር በትንሽ ተተክቶ ማስቀመጫው አጠገብ ወለሉ ላይ ቀዳዳ ተከፈተለት፤ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስስ ወለል ላይ ይተኛል፣ መውጫውም ከታች መሆን አለበት። ቡናውም ወደ ደጅ ወጣ።

የት ይታደራል?

ቡናው ወደ ደጅ መውጣቱ ያልጠበቅነውን ሌላ ችግር ፈታ።

በንድፉ ላይ ማንም ያላሰበው ጥያቄ መኪናው ሌሊት የት ይቆማል የሚለው ነው። ቪዲዮው ላይ ሰዎቹ የትም ይቆማሉ። እዚህ መጋረጃው የተዘጋ ሚኒባስ ከከተማ ዳር ሲቆም በሰላሙ ጊዜም ቢሆን ያጠያይቃል፤ ጊዜው ደግሞ የሚያጠያይቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ሌሊት ተቀስቅሰው ዕቃ አውርደው ተፈትሸዋል። የፈተሿቸው ሰዎች ጥፋት የለባቸውም፤ እኔም ብሆን እፈትሽ ነበር።

ሌላው ጣጣ ከጥርጣሬ ተቃራኒ ነው፤ ደግነት። ሐይቅ አካባቢ አንድ ደንበኛ ግቢ ውስጥ ቆመው ሊተኙ ሲሉ የቤቱ እመቤት መጥተው «እንግዳ ከደጄ ብረት ውስጥ አድሮ እኔ በር ዘግቼ ልተኛ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው አስወጧቸው። ቤት ገብተው በመደብ ላይ አደሩ። ይህ አራት ጊዜ ደርሷል። ባለመኪናው እየሳቁ «ይህን ሁሉ ብር አውጥቼ የሠራሁትን አልጋ የሚያስተኛኝ ሰው ጠፋ» ይላሉ።

ቡናው ደጅ መፈላት ሲጀምር ነገሩ መልክ ያዘ። ሲቆሙ መጀመሪያ በሩ በሰፊው ይከፈታል፤ ረከቦቱ ይዘረጋል፤ ዕጣን ይጨሳል። የግቢው ሰውና ጎረቤቱ ይጠራል። ቶና ላይ ሲደረስ እነማን እንደ ሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ለምን መኪና ውስጥ እንደሚያድሩ ሁሉም ሰምቷል። የቀበሌው ሰውም ስኒ ይዞ ነው የሚጠይቃቸው። እመቤቲቱም ቡናቸውን ጠጥታ ስለሄደች ቤታቸውን እንደ ቤት ትቆጥረዋለች፤ ውጡና ግቡ ብላ አትሟገትም። በረካ ላይ ደግሞ አንዱ «የእኛስ ፓምፕ...» ብሎ መጀመሩ አይቀርም። ከሥራቸው ሲሶ የሚያህለው አሁን ከዚህ ቡና እንደሚገኝ ይናገራሉ።

ከዚህ ጋር ሁለት ጥቃቅን ልምዶች ተጨምረዋል። ከትውልድ ቀበሌያቸው ማን እንደ ሆኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘዋል። የማደሪያ ዋጋም መኪናው ሳይቆም በፊት ይነገራል፤ ውጫሌ ላይ አንድ ባለ ግቢ «ለአንድ ሌሊት» የተባለውን በሰው ቆጥሮ ከእጥፍ በላይ ጠይቋቸዋል። በ1881 ዓ.ም. አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ትርጉም ይዞ አገር ባጣላበት ከተማ ይህ ሊገርመን አይገባም ብዬ ቀልጃለሁ፤ አልሳቁልኝም።

መጸዳጃ ሞክረናል፤ በባልዲና በሰጋቱራ። ሦስት ቀን ቆየ። ግቢ ውስጥ የሚያድር ሰው የግቢውን ይጠቀማል፤ በዚህ አበቃ።

ወረቀቱ

መኪናው የተገዛው በሕዝብ ማመላለሻ ሊብሬ ነው። ወንበሩ ከተነቀለ በኋላ ሊብሬው ላይ ያለውና መኪናው ውስጥ ያለው አይመሳሰልም፤ ለዓመታዊው ምርመራ ሲቀርቡ ቦሎ ተከለከሉ። እንደ ቤት የሚመዘገብበት ዘርፍ እንደሌለ ተነገራቸው። በመጨረሻ የአገልግሎት ለውጥ ጠይቀው በሥራ መኪናነት ተመዘገበ፤ ዕቃው ሁሉ በብሎን እንጂ በብየዳ አለመያዙ በዚህ ጊዜ ጠቀማቸው። ሰባት ሳምንት ያለ ሥራ ቆሟል። ጥያቄው ወንበሩ ከመነቀሉ በፊት ቢቀርብ ኖሮ ሰባቱ ሳምንት የአናጢው ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ይሆን ነበር። የሦስተኛ ወገን መድኑም ከአዲሱ ሊብሬ ጋር እንዲስማማ ተስተካክሏል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሒሳቡ

ባለመኪናው በሳምንት አራት ሌሊት፣ በአዳር 350 ብር ይከፍሉ ነበር። በዓመት 70,000 ብር ገደማ ነው። መኪናው የተገዛበትን ትተን ሁለቱ ሥራ፣ ማለትም የተሠራውና ፈርሶ የተሠራው፣ 310,000 ብር በልቷል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው ያህል የወጣው መጀመሪያ የገባውን ለማውጣት ነው። በአልጋ ኪራይ ብቻ ከተሰላ ገንዘቡ የሚመለሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ናፍጣና ጎማ ሲጨመር ደግሞ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።

ሥራውን ያዋጣው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ፓምፑን አይተው፣ የጎደለውን መለዋወጫ ለማምጣት ኮምቦልቻ ተመልሰው፣ በሁለተኛ ጉዞ ይጨርሱት ነበር። አሁን ኩሽኔታው፣ ፓምፑ ውኃ እንዳያፈስ የሚደፍነው ሲልና ቀበቶው ከአልጋው ሥር ነው። በአንድ ጉዞ ያልቃል። ባለቤታቸውም በእጅ የምትዞር የስፌት መኪናቸውን ከኋላው በር ላይ ዘርግተው ይሰፋሉ፤ ባቲ ላይ ሰኞ ከባላቸው የበለጠ የሚያገኙበት ቀን አለ።

ሌላ ሰው ሊወስደው የሚችለው

ወደ እኔ ለሚመጡት አሁን የምለው ይህ ነው። መጀመሪያ ሊብሬውን ይዘው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ከዚያ የወንበሩን ቁጥር በ70 ኪሎ አባዝተው የክብደት ጣሪያቸውን ይወቁ፤ የሚገባው ሁሉ ሳይገጠም በፊት ይመዘን፤ ከባዱ ከታችና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይሁን። ከዚያ ፍራሽ ብቻ አንጥፈው፣ ያለ ቁም ሣጥን፣ አንድ ወር ይደሩበት። ባልና ሚስቱ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ወጥ ቤቱን፣ ማቀዝቀዣዋን፣ ሮቶውንና ሁለተኛውን ባትሪ ጨርሶ አይገዟቸውም ነበር። የቀረው አልጋ፣ የመፍቻ ሳጥን፣ ሦስት አምፖልና ረከቦት ነው።

ያልተፈታም አለ። የቆቦ ሙቀት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ለማራገቢያዋ አልተበገረም፤ በነዚያ ወራት ከወልዲያ አያልፉም ወይም ውጭ በአጎበር ይተኛሉ። የጣሪያው ፓነል ማሰሪያ የገባበት አንድ ቀዳዳም ሁለት ጊዜ ተደፍኖ ሁለት ጊዜ አፍስሷል። ለሦስተኛው ጊዜ ከመስከረም በፊት እንሞክረዋለን።

ሮቶው እኔ ግቢ ነው ያለው። የጣሪያዬን ዝናብ ያጠራቅማል፤ ባልና ሚስቱ ኮምቦልቻ ሲያድሩ መኪናቸውን ከአጠገቡ ያቆሙና ጀሪካናቸውን ከእሱ ይሞላሉ።